ቢጫው ክርና ቀዩ

እሑድ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይህን ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ሦስት ቀን ቆየሁ። ለማንም ስለማላሳየው ልጻፈው። ጣሊያኖቹ ዘንድ የምሠራውን ሥራ ወድጄዋለሁ።

ተጻፈ። አሁን ሳየው ያሳፍራል። አባዬ ቢያነበው ምን ይለኝ ይሆን? ፊደል ያስቆጠረኝም ዳዊት ያስደገመኝም እሱ ነው፤ ለዚህ ብሎ አይደለም።

እናቴ ከሞተች ጀምሮ ደብረ ማርቆስ አክስቴ የብርጓል ቤት ነው የምኖረው። የአባዬ እህት ናት፤ እቴቴ ነው የምላት። አባዬ በይጁቤ መንገድ ካለችው መንደራችን ከበሬዎቹ ጋር ቀርቷል። እቴቴ የሆስፒታሉን አንሶላ ታጥባለች። ባለፈው ወር ውሃ የሚመረምረው ሽማግሌ ጣሊያን ብርጭቆ የማይሰብር ሰው ፈለገ ሲባል፣ የእኔዋ ልጅ ዝንብ እንኳ አታስደነግጥም ብላ አስገባችኝ። ዕድሜዬ ዐሥራ አምስት ነው፤ ዐሥራ ሰባት ነው ብላለች።

ሽማግሌውን ሁሉም ዶቶሬ ይለዋል። ወታደሮቹ የሚጠጡት ምንጭ ንጹሕ መሆኑን ያያል። ይህን ደብተር የሰጠኝ እሱ ነው። በግማሹ ገጽ ላይ የድሮ ቁጥሮቹ አሉበት፤ እኔ በባዶው በኩል እጽፋለሁ።

አስተርጓሚው ገብረ ኪዳን ይባላል። ከኤርትራ የመጣ ነው። ስለ እሱ የሚጻፍ ነገር የለም።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 8

ዛሬ ዶቶሬ የነበልባልን ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና እየበተነ በሚያይበት ቱቦ አየሁ።

እስካሁን አጣቢ ብቻ ነበርኩ። ብርጭቆዎቹንና አንዲት ቀጭን ሽቦ በዝናብ ውሃ አጥባለሁ። ከዚያ ሽቦዋን በመብራቱ ነበልባል ውስጥ ይዤ ነበልባሉ ቀለም አልባ እስኪሆን እጠብቃለሁ። በጣት ከተነካች ነበልባሉ ወዲያው ቢጫ ይሆናል፤ በሰው ላብ ውስጥ ጨው አለና። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ስላላወቅሁ ያጠብኳትን ሽቦ መልሼ በጣቴ እጠርጋት ነበር። ዶቶሬ አልተቆጣም። የራሱን ጣት ልሶ ፊቱን አጨማደደና ሳቀ፤ ገባኝ።

ዛሬ ሽቦዋን ጨው አስነክቶ ነበልባሉ ውስጥ ያዘና በቱቦው እንዳይ ጠራኝ። የማየው ቀስተ ደመና መስሎኝ ነበር። ጨለማ ነው። በጨለማው መሀል አንድ ቢጫ ክር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ገብረ ኪዳን "መስመር" ይለዋል፤ ለእኔ ግን ከእንዝርት የወረደ ክር ነው። ጨው ከየትም ይምጣ ከየት፣ ክሩ ቦታውን አይለቅም አለኝ። ነገሩ ሳይቀመስና ሳይሸተት በክሩ ይታወቃል።

ወደ ቤት ስመለስ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ክሩ ምን ዓይነት ይሆን እያልኩ አየሁት። እቴቴ ቢጫ ናት፤ ከሩቅ ትታያለች፣ ከሩቅ ትሰማለች። የራሴን አላገኘሁትም።


ዓርብ፣ ጥቅምት 11

ቸኩያለሁ። ነገ ወደ አባዬ እንሄዳለን። ዛሬ ዶቶሬ ትልቁን ቱቦ ከሣጥኑ አውጥቶ ነበር። ቢጫው ክር አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። በጣም ተጠግተው ስለሚቆሙ ትንሹ ቱቦ አይለያቸውም። ስንት ጊዜ አንድ ነው ብዬ አይቼው ነበር።


እሑድ፣ ጥቅምት 13

ከአባዬ ተመለስን። እግሬ ቆስሏል።

አባዬ ከስቷል። የአሮጌውን በረት አፈር ቆፍሮ ጓሮ ከምሮታል። ሽንኩርት ልተክልበት ነው አለ። ሽንኩርት ተክሎ አያውቅም። ከጓዳ ታች የተበሳ እንስራ አቁሞ፣ ገለባ ጎዝጉዞ፣ ያንን አፈር ሞልቶበታል፤ ላዩ ላይ የፈሰሰው ውሃ ከሥር ጠብ ጠብ ይላል። በብረት ድስቱ ጠርዝ ላይ ደግሞ እንደ ውርጭ ያለ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ምንድን ነው ስለው ለበሬዎቹ ጨው ቀቅዬበት ነው አለኝ።

ስለ ክሮቹ ነገርኩት። ገበታው ላይ ጎንበስ ብሎ እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ ያንቺ ጣሊያን የጤፍንና የዳጉሳን ክር ይለያል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንጃ አልኩ። እንግዲያው ገና ተማሪ ነው አለ። እቴቴ እስክታለቅስ ሳቀች።

አመሻሽ ላይ ሁለት ሰዎች መጡ። አባዬ ከብት ነጋዴዎች ናቸው አለን። ከብቶቹን ግን አላዩም። አባዬ አንድ ትንሽ አቁማዳ ሰጣቸው፤ ከበድ ያለ ይመስላል። እቴቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጥጥ ትፈለቅቅ ነበር፤ እኔም አብሬያት ፈለቀቅሁ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 17

ዛሬ ዶቶሬ ኖራ አሳየኝ። የኖራ ክር ክር አይደለም። እንደ ነጠላ ጥለት ሰፊ ነው፤ አንዱ ብርቱካን፣ አንዱ አረንጓዴ። ለምን እንደ ጨው ቀጭን ክር አልሆነም ብዬ በልቤ አሰብኩ። በአፌ አልጠየቅሁም፤ ገብረ ኪዳን ግን ፊቴን አይቶ ጠየቀልኝ።

ዶቶሬ ብዙ ተናገረ፤ ገብረ ኪዳን እየቆመ፣ ቃል እየፈለገ ተረጎመልኝ። እንዲህ ነው፦ ነገር ለብቻው ሲሆን ክሩ ቀጭን ነው። ከሌላ ነገር ጋር ተያይዞ ሲገባ ግን አንዱ ሌላውን ያወዛውዘዋል፤ አንዱ ክር ብዙ ክር ይሆንና ተጠጋግቶ እንደ ጥለት ይታያል። በጥሩ ቱቦ ያየው ሰው ጥለቱን ክር በክር ይፈታዋል።

ከዚያ ዶቶሬ ስለ ወጣትነቱ አወራ። ለስድስት ዓመት በአገሩ ክር ሲለካ ኖሯል። ይህ ደብተር የዚያ ዘመን ነው። ቁጥሮቹን በጣቱ እያሳየ፣ አንዳንዱ ክር ሊሆን ከሚገባው ቦታ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ አገኘሁት አለ። ሲመረምረው ከጎኑ ሌላ ክር አለ፤ ያ ነው የገፋው። ዘመድ የሆኑ ሲቀራረቡ ይገፋፋሉ፤ ደብዛዛው ደግሞ ከደማቁ ብርሃን ይካፈላል፤ ለብቻው ቢሆን የማይታየው በዘመዱ ምክንያት ይታያል። ዝምድና ከሌላቸው ግን ሳይነካኩ ይተላለፋሉ።

ገብረ ኪዳን ይህን ሲተረጉም ወደ እኔ አላየም። እኔም ብርጭቆ እያየሁ ነበር።

ለእቴቴ ብነግራት ያ አስተርጓሚ ይህን ሁሉ ያመጣው ከሽማግሌው ነው ወይስ ከራሱ ጨምሮ ነው አለችኝ። እንዲህ ስትል ደስ አይለኝም። ትንሽ ደስ ይለኛል።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 22

ዛሬ ዶቶሬ አንድ ሌላ ብልቃጥ ከፈተ። ነጭ ነው፤ እንደ ውርጭ መርፌ መርፌ ይላል።

ሽቦዋን ነክሮ ነበልባሉ ውስጥ ያዛት። በቱቦው ጫፍ፣ ዐይን ማየት ሊያቅተው በሚደርስበት ቦታ አንድ ጥቁር ቀይ ክር አለ። ደብዛዛ ነው፤ ካልተጠነቀቁ ያልፋል። ከዚያ ጨው ቆንጥሮ ጨመረበት፤ ቢጫው ብልጭ አለ፤ ቀዩ ጠፋ። የሄደ መስሎኝ ነበር። አልሄደም አለኝ። ቢጫው አልገፋውም፣ አልነካውምም፤ ዝምድና የላቸውም። የሚያየውን ሰው ዐይን ነው ያሳወረው። አንድ ሰማያዊ መስታወት ቱቦው ፊት ሲያደርግ ቢጫው ሞተ፤ ቀዩ እንደቆመ ነበር። እስካሁን እዚያው ነበር ማለት ነው።

መስታወቱን እንዳጥበውና እንዳስቀምጠው ለእኔ ሰጠኝ። ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ኃላፊነት ነው።

ብልቃጡ የምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።


ዓርብ፣ ጥቅምት 25

ጠየቅሁ። ገብረ ኪዳንን ነው የጠየቅሁት፤ አጠገቡ ማንም አልነበረም። አንድም ሥጋ እንዳይበላሽ ነው፣ አንድም ለመድኃኒት ነው አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

"ባሩድም ይሠራበታል። የባሩድ ጨው ነው። ከበረት አፈር ይወጣል" አለኝ።

መኮንኖቹ ሲያወሩ ሰምቷል። ጫካ ላሉት ሰዎች ባሩድ የሚሠራላቸው ገበሬው ነው ይላሉ፤ ነጭ ጨው የተገኘበት ቤት ባለቤት በገመድ ይሰቀላል ብለዋል። ይህን ለምን ነገረኝ? እኔ እኮ ስለ ብልቃጡ ብቻ ነው የጠየቅሁት። መንደርሽ ወዴት ነው ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ነገ ወደ አባትሽ ብትሄጂ መንገዱ ጥሩ ነው አለኝ።


እሑድ፣ ጥቅምት 27

አባዬ ዘንድ ደርሰን መጣን። ትናንት ዕቃ አጠብኩ። እዚያ ስሄድ ሁልጊዜ ዕቃ አጥባለሁ።

የብረት ድስቱ ቆሽሾ ነበር። ከምድጃው አመድ አፈስኩና በገለባ ፈተግኩት፤ ጠርዙን፣ ጆሮውን፣ ሥሩን። ክንዴ እስኪዝል። የተበሳውንም እንስራ ባዶ አደረግሁት፤ አፈሩን ማሳው ላይ በተንኩት። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። አንድም ቃል አልነገርኩትም፤ ምን እላለሁ? እሱም ለምን አላለኝም። ብቻ መጨረሻ ላይ መጥቶ እጄን ያዘና አመዱን በጋቢው ጠረገልኝ። "እጅሽ ይባረክ፣ የኔዬ" አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ከመድኃኔ ዓለም ቅዳሴ ስንወጣ አንሙት የሚባለው የመንደሩ ሰው፣ ለጣሊያን ወሬ ይወስዳል የሚሉት፣ ስለ በሬዎቹ አባዬን ብዙ ጠየቀው። አባዬ በትሕትና መለሰለት።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 29

ዛሬ ፈራሁ፤ ከዚያ ደስ አለኝ፤ አሁን ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው።

ብቻዬን ነበርኩ። ሽቦዋን አጥቤ ነበልባሉ ውስጥ ስይዛት ዝም ብዬ በቱቦው አየሁ። መስታወቱም በእጄ ስለነበር ፊቱ አደረግሁት። ቀይ ክር አየሁ። እጄን ሳይ ከጥፍሬ ሥር የቅዳሜው አመድ ገና አለ፤ ሽቦዋን ነክቶ ኖሯል። የአባዬ ድስት እስከዚህ ድረስ ተከትሎኝ የመጣ መሰለኝ። እጄን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠብኩ።

ከዚያ ወጥቼ እቴቴ ውሃ ከምታፈላበት ምድጃ ትንሽ አመድ ይዤ መጣሁ። እቴቴ ድስቷ ውስጥ አንሶላ ብቻ ነው የምትቀቅለው። ሽቦዋን ነክሬ አየሁ። ያው ቀይ ክር፣ ያው ቦታ ላይ። ከደጅ የደረቀ የግራር ቅጠል አምጥቼ አቃጠልኩ፤ አመዱ ያው ነው። ስለዚህ ቀዩ ክር የብልቃጡ ብቻ አይደለም። እንጨት ሁሉ፣ ቅጠል ሁሉ አለው። ክሩ የሚለው "እዚህ ነኝ" ብቻ ነው፤ ከየት መጣሁ፣ ለምን መጣሁ አይልም።

ዶቶሬ ሲገባ አመዱ ገና ጠረጴዛው ላይ ነበር። አመዱን አየ፣ መስታወቱን አየ፣ እኔን አየ። መስታወቱን ወደ ጨርቁ መለስኩት። አመዱን በእጅጌው ጠረገና ወደ ውሃዎቹ ሄደ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 1

አባዬን ወሰዱት።

ትናንት። አንሙት መርቷቸው። ቤቱን በረበሩት። ነጭ ነገር አላገኙም። ድስቱን ወሰዱ። ከጆሮው ሥር ትንሽ ቅርፊት ተገኘ።

ጆሮውን ፈትጌው ነበር። ፈትጌው ነበር።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 3

እቴቴ ምግብ አድርሳ መጣች። አባዬን አይታዋለች። ፊቱ ላይ ትንሽ አለ፤ ብዙ አይደለም ትላለች። እቴቴ እንዲህ ቀስ ብላ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም።

አባዬ ድስቱ ለከብት ጨው የቀቀልኩበት ነው ብሏል። ከቅርፊቱ ግማሹን ፍም ላይ ጥለውት ተንጣጣ። አንዱ ወታደር ባሩድ ነው አለ፣ ሌላው ጨውም እሳት ላይ ይንጣጣል አለ፤ አልተስማሙም። የቀረው የጥፍር ጫፍ ስለሚያህል ይህን የሚለይ ውሃ መርማሪው ብቻ ነው ተባለ።

ወደ እኛ ነው የሚመጣው።

ጣሊያኖቹ ዘንድ ማንም የማን ልጅ እንደሆንኩ አያውቅም። ደመወዝ የምቀበለው በእቴቴ ስም ነው። አባዬ ለእቴቴ አንድ መልእክት ሰጣት፤ ልጅቷ ሥራዋን እንዳታስተጓጉል አለ። ደግሞም የጤፍ ክር ተገኘ ወይ ብሎ ጠየቀ። ይህን ስትነግረኝ ሳቀች፤ ከዚያ ሻሽዋን ዐይኗ ላይ አደረገች።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

ዛሬ ቁስቋም ናት። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። የሆነውን በሥርዓቱ ልጻፍ፤ ካልጻፍኩት ማታ ሁሉ በራሴ ውስጥ ይዞራል።

ጠዋት መቶ አለቃው በወረቀት የተጠቀለለውን ቅርፊት ይዞ ገባ። ወጣት ነው፣ ጫማው ያብረቀርቃል። ዶቶሬ ሽቦዋን እንዳዘጋጅ በእጁ አመለከተኝ። አጠብኳት። ነበልባሉ ቀለም እስኪያጣ ድረስ ውስጡ ያዝኳት። በጣቴ ብነካት ቢጫ በዝቶ ምናልባት ይጠቅም ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር። አልነካኋትም። ንጹሕ አድርጌ ሰጠሁት። ለምን? እጄ የለመደውን ሠራ።

ዶቶሬ በቱቦው አየ። ቢጫ ነው አለ። መቶ አለቃው ሌላስ ብሎ ጠየቀው። ዶቶሬ ቢጫው ብዙ ስለሆነ ሌላውን ማየት ያስቸግራል አለ። መቶ አለቃው ግን ነገሩን ከአንድ ቦታ ሰምቶ ኖሮ ሰማያዊውን መስታወት ጠየቀ። መስታወቱ ያለው እኔ ዘንድ ነው። ከጨርቁ አወጣሁት። ወለሉ ድንጋይ ነው፤ ብጥለው ይሰበር ነበር። አልጣልኩትም። ብርጭቆ የማይሰብር ሰው ነኝ።

መስታወቱ ሲደረግ ቀዩ ክር እዚያው ነበር። መቶ አለቃውም ጎንበስ ብሎ አየውና ጉልበቱን በመዳፉ መታ፤ ደስ ብሎታል። ይጻፍ አለ።

ዶቶሬ ብዕር አላነሳም። ወደ እኔ ዞረ። እስከዛሬ በአማርኛ ተናግሮኝ አያውቅም፤ ዛሬ ቃል በቃል፣ ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ተናገረ፦

"ይህ ቀይ... ሌላ ምን ውስጥ አለ?"

አውቃለሁ። አመድ ውስጥ አለ፣ እንጨት ውስጥ አለ፣ ቅጠል ውስጥ አለ። እዚህ አገር ድስት ሁሉ በአመድ ይፈተጋል። ሁሉ ነገር አፌ ላይ ነበር። መቶ አለቃው አየኝ። ገብረ ኪዳን አየኝ። አንዲት ቃል፣ "አመድ"፣ ሦስት ፊደል ብቻ ናት። አንገቴን ደፋሁ። የጫማውን ብርሃን አየሁ። ዝም አልኩ።

መቶ አለቃው ሳቀና አንድ ነገር ተናግሮ ወጣ። ገብረ ኪዳን በኋላ እንደነገረኝ፣ ከአጣቢ ምን ትጠይቃለህ ነው ያለው። የውጤቱን ወረቀት ዓርብ እኩለ ቀን መጥቼ እወስዳለሁ ብሏል።

ያንን የአማርኛ ጥያቄ ዶቶሬ ጠዋት ከገብረ ኪዳን ተቀብሎ ውሃ ሲቀዳ ሁሉ ሲደጋግመው ነበር አሉ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ሥራ ላይ ምንም አልተባለም። ዶቶሬ ወረቀቱን ባዶውን ጠረጴዛው ላይ አድርጎታል። አልፈረመም።

እኔ ነኝ። ድስቱን ባልነካው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ነጩ ነገር ሁሉ ይገኝ ነበር፤ የባሰ ነበር። ግን ደግሞ ያ ቀይ ክር ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅም። ከበረቱ አፈር ነው ወይስ ከአመዴ? ቱቦው አይለየውም። እኔም መለየት አልፈልግም።

ዝም ማለቴን እቴቴ አልሰማችም። ካልነገርኳት አታውቅም። ጨርሶ ካልነገርኳት እስከ ዓርብ ትስቅ ይሆናል።


ሐሙስ፣ ኅዳር 8

ነገርኳት።

ትመታኛለች ብዬ ነበር። አልመታችኝም። ሙቅ ውሃ አምጥታ እግሬን አጠበችው፤ እኔ ነኝ የእሷን ማጠብ ያለብኝ። ከዚያ፣ አባትሽም በልጅነቱ እንደዚህ ነበር አለችኝ። ቄሱ ፊት ዳዊት ሲጠየቅ እያወቀው ዝም ይልና ቤት መጥቶ ለጥጃዎቹ ይደግምላቸው ነበር። አባዬ ዓይናፋር ነበር ብዬ አስቤ አላውቅም።

ገብረ ኪዳን ማታ ወደ ቤት መጣ፤ የመጀመሪያው ነው። በር ላይ ቆሞ ነው የተናገረው፣ አልገባም አለ። ነገሩ ይህ ነው፦ ዶቶሬ በራሱ አንደበት አመድ ቢል መቶ አለቃው አይቀበለውም። ከዚህ በፊትም ለአገሬው ሰው ታደላለህ ተብሎ ተወቅሷል፤ ወረቀቱን ለሌላ ሰው ይሰጡበታል። ከሌላ ሰው ጥያቄ ሆኖ ከመጣ ግን ሙያው ነውና መርምሮ መጻፍ ይገባዋል፤ መቶ አለቃውም በዐይኑ ያየውን መካድ አይችልም።

እቴቴ ግድግዳ ተደግፋ ሰማችውና ይህን ማን አስተማረህ አለችው። ሽማግሌው ነው፣ ግን እኔ ነኝ ቶሎ ቶሎ የተረጎምኩት አለ። እቴቴ ሳቀች። እሱ ሲወጣ ወደ እኔ ዞሮ፣ ነገ ልክ ከጎንሽ ነው የምቆመው አለኝ። ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁ። ያንን መጻፍ አያስፈልግም ነበር፤ ጻፍኩት።

ከዚያ እኔና እቴቴ አሰብን። የቤታችንን አመድ ብወስድ መቶ አለቃው ከየት አመጣሽው፣ ምን ፈልገሽ ነው ይለኛል። ድስት ይሻላል። እቴቴ ድንገት ጭኗን መታች። ስሜነሽ አለች እኮ፣ የእቴቴ ባልንጀራ፤ የመኮንኖቹን ወጥ ቤት ዕቃ የምታጥበው እሷ ናት። በምን ታጥበዋለች? እንደ ማንኛችንም በአመድ። መቶ አለቃው የሚበላበት ድስት ላይ ያ ቀይ ክር አለ ማለት ነው። የራሱ ድስት ባሩድ ይሠራበታል ወይ?

እቴቴ ሄዳ ከስሜነሽ ጋር ተነጋግራ መጣች። ድስቱ ጠዋት ይሰጠኛል፤ ጆሮው ሥር ቅርፊት ያለበት።

መዋሸት አይደለም። ይህን ስንት ጊዜ አሰብኩበት። አመድ ቀይ ክር አለው፤ ይህ እውነት ነው። እኔ የአባዬን ድስት በአመድ ፈትጌዋለሁ፤ ይህም እውነት ነው። ያልጠየቁኝን አልነግራቸውም።

የማን ልጅ ነሽ ቢለኝ የማን እላለሁ ብዬ እቴቴን ጠየቅኋት። የእኔ በያ፣ ማን አሳደገሽ አለችኝ። እሱም ውሸት አይደለም።

ከዚያ እንድለማመድ አስገደደችኝ። እሷ መቶ አለቃው ሆነች፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ጫማ ያደረገች መስላ እየተንጎራደደች። ሦስት ጊዜ ድምፄ አልወጣም። በአራተኛው ወጣ፤ አልሰማሁም፣ ጨምሪ አለች። ጨመርኩ። ጎረቤታችን አይናዲስ ከአጥሯ ማዶ ምን ሆናችሁ ብላ ጠየቀች። እቴቴ ምንም አልሆንን፣ ልጄ እያወራች ነው አለቻት።

ነገ በጠዋት ተነሥቼ ከስሜነሽ ድስቱን እቀበላለሁ። በጓሮ ሳይሆን በፊት ለፊቱ በር እገባለሁ። ሽቦዋን አጥባለሁ፣ ነበልባሉ ቀለም እስኪያጣ እይዛታለሁ። እኩለ ቀን ላይ መቶ አለቃው ሲመጣ ሰማያዊውን መስታወት ራሴ ቱቦው ፊት አደርገዋለሁ፤ ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፤ አንገቴን ሳልደፋ "ዶቶሬ፣ ይህንንም ይዩልኝ፤ በአመድ የታጠበ የመኮንኖቹ ድስት ነው" እላለሁ። አልሰማሁም ቢለኝ ደግሜ፣ ጮክ ብዬ እላለሁ።